ተረኛው ማን ነበር? የአሮጌ መኪና ካርቡሬተርን በራስ እጅ ማስተካከል

ጠዋት ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሩ ይነሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። አሁንም ይነሳል፤ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሱ ግን ድርግም ይላል። ከጎን የቆመ ሰው "ካርቡሬተሩ ነው" ይላችኋል። ሌላው ይደርስና "ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቀይሩት እንጂ" ይላል።

የመጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ልክ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። ካርቡሬተር በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ አይደለም። እንደ ፒስተን ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ የሚውል ነገር የለበትም። ይደፈናል፣ ይቆሽሻል፣ ጎማው ይደርቅና ይሰነጠቃል። "ተበላሸ" ከሚባለው አብዛኛው በአንድ ቀን ሥራ፣ በጥቂት መፍቻና በብዙ ትዕግሥት ይመለሳል።

ትዕግሥቱ የሚያስፈልገው ደግሞ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ያስባል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ክፍል ሙሉ አየር

ቤንዚን በፈሳሽነቱ እንዳለ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ በወጉ አይነድም። ደቅቆ መበተንና ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። የካርቡሬተር ሥራ ይኸው ነው፤ አየርና ቤንዚንን በልክ መደባለቅ። 1 ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በኪሎ ሲነገር ብዙም አይመስልም። ግን አየር ነው። 14.7 ኪሎ አየር 12 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ትንሽ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ማለት ነው። አንድ ሊትር ከምናምን ቤንዚን ያን ሁሉ ይውጣል። የአየር ፊልትሮ ሲደፈን መኪናዋ ጥቁር የምታጨሰው ለዚህ ነው።

ልኩን የሚጠብቀው ማነው? በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ኮምፒውተር የለም። ያለው ቅርጽ ብቻ ነው። የካርቡሬተሩ ጉሮሮ መሃሉ ላይ ይጠብባል። ፒስተኖቹ አየር ሲስቡ አየሩ በጠባቡ ቦታ ለማለፍ ይፈጥናል። አትክልት የምታጠጡበትን ጎማ ጫፉን በጣት ስትጫኑት ውሃው እንደሚፈጥነው ማለት ነው። አየር ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ልክ እዚያ ጠባቡ ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሌላው ጫፏ ያለው ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ቋት ውስጥ ነው። ቋቱ ላይ ያለው ተራ የአየር ግፊት ከጉሮሮው ግፊት ስለሚበልጥ ቤንዚኑን ገፍቶ ያወጣዋል። የሚፈጥነው አየር ይቀበለውና በትኖት ይሄዳል።

የዚህን ጠባብ መተላለፊያ ጠባይ አጥንቶ ያሳተመው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797፣ የቤንዚን መኪና ገና ሳይታሰብ። ጉሮሮው ዛሬም በስሙ "ቬንቱሪ" ይባላል። ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባህም ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡሬተር ይዘው የመጡት ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1893 አካባቢ ነው። ዛሬ ኮፈን ከፍታችሁ የምታዩት ዕቃ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ተረኞቹ

በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ካርቡሬተር ውስጥ አምስት ስድስት ትንንሽ መሣሪያዎች ይኖራሉ። እንደ ጥበቃ ሠራተኛ በተራ ይገባሉ። ስለዚህ መኪናዋ ስታስቸግር መጀመሪያ የሚጠየቀው "መቼ?" ነው። ስትቀዘቅዝ? ስትቆም? ስትረግጧት? ዳገት ላይ? ያን ሰዓት ተረኛው ማን እንደነበር ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

በጠዋት የሚገባው ቾክ ነው። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቾክ የጉሮሮውን አፍ ገርበብ አድርጎ አየሩን ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ይበዛል። ጠዋት አልነሳ ብላ ከሞቀች በኋላ ሰላም የምትሆን መኪና ቾኳ አይዘጋም ማለት ነው። ጠዋት እሺ ብላ ተነስታ ከሞቀች በኋላ የምትታፈንና ጥቁር የምታጨስ ደግሞ ቾኳ ተዘግቶ ቀርቷል። ይህን ለማየት ካርቡሬተሩን መንካት አያስፈልግም። የአየር ፊልትሮውን አንስቶ ወደ ውስጥ ማየት ይበቃል። ብዙ ጊዜ የደረቀ ገመድ ወይም የቆሸሸ ዘንግ ነው።

ቀጥሎ ሚኒሞ አለ፤ ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት ሁኔታ። ጉሮሮው ውስጥ ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈት በር አለ፤ እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ በሌለበት ሰዓት ይህ በር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። አየሩ ስለማይፈጥን ዋናው ቱቦ አንድ ጠብታ አያወጣም። ያን ጊዜ ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው ከበሩ በታች የሚወጣ ሌላ ጠባብ መንገድ ነው። የመንገዱን ልክ የምትወስነው የሚኒሞ ጄት ናት። ጄት ማለት መሃሏ የተበሳ የናስ ብሎን ናት። የሚኒሞዋ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አትርቅም። ከሁሉም ቀድማ የምትደፈነው እሷ ናት። ስትነዳ ደህና ሆና ስትቆም የምትጠፋ መኪና ካለቻችሁ ጥርጣሬው እሷ ላይ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ መኪኖች ላይ ከዚህች ጄት ጋር አብሮ የሚሠራ፣ አንድ ሽቦ የገባለት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ቁልፉን ስታጠፉ የሚኒሞውን ቤንዚን ይዘጋል፣ ስትከፍቱ ይለቃል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ ሽቦውን ነቀል ሰካ ብታደርጉት "ጠቅ" ማለት አለበት። (ቤንዚን የሸተታችሁ ወይም የፈሰሰ እንደሆነ ይህን አትሞክሩ፤ ብልጭታ አለው።) ዝም ካለ ወይ ሽቦው ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ወይ ቫልቩ ሞቷል። ይህች ሽቦ ስለወለቀች ብቻ ያለ ጥፋቱ የተፈታታ ካርቡሬተር ስንት ነው!

ነዳጁን ድንገት ስትረግጡት ደግሞ ሌላ ተረኛ ይጠራል። በሩ ሲከፈት አየሩ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን ከበድ ስለሚል ዘግየት ይላል። ክፍተቱን የሚሞላው ትንሽ መርጫ ፓምፕ ነው፤ በስስ ጎማ ወይም በትንሽ ፒስተን ይሠራል። ስትረግጧት መጀመሪያ ወደ ኋላ የምትል፣ የምታመነታ፣ ከዚያ የምትፈተለክ መኪና ፓምፑ ታሟል። ሞተሩን አጥፉ፣ ፊልትሮውን አንሱ፣ የነዳጅ ገመዱን በእጅ ሳብ አድርጉና ከላይ ተመልከቱ። ፊታችሁን አታስጠጉ። ቀጥ ያለች ቀጭን የቤንዚን ክር ጭርር ብላ ከወጣች ፓምፑ ጤነኛ ነው። ከተንጠባጠበች ወይም ምንም ካልመጣ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ጎማው ተቀዷል፣ አለዚያ አፍንጫዋ ተደፍኗል።

መንገድ ከያዛችሁ በኋላ ሥራው የዋናው ጄት ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆና፣ ቀስ ስትሉም ደህና ሆና፣ ዳገት ላይ አቅም የምታጣ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ከእሱ በፊት ግን የቤንዚን ፊልትሮውን እዩ፤ የተደፈነ ፊልትሮ ልክ እንደተደፈነ ጄት ያስመስላል።

እነዚህ ሁሉ ሲቀያየሩ ተራ የማያውቅ አንድ ሠራተኛ አለ፤ ቋቱ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ። የመጸዳጃ ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ኳስ አስቡ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳና አንዲት መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ሲጎድል ይወርዳል፣ መግቢያው ይከፈታል። መርፌዋ ጫፍ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀመጥ መግቢያው አይዘጋም፤ ቤንዚኑ ይሞላል፣ ይፈስሳል። መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት፣ ጥቁር የምታጨስ፣ የካርቡሬተሩ ጎን የረጠበ ከሆነ እዚህ ጀምሩ። የሌሎቹ ችግር ያናድዳል፤ የዚህኛው እሳት ያስነሳል። እስኪስተካከል አትንዷት።

ከመወንጀላችሁ በፊት

የካርቡሬተር ጥፋት የሚመስል ብዙ ነገር ከካርቡሬተር ውጭ ነው። ካንዴላ ያረጀ፣ የካንዴላ ሽቦ የተላጠ፣ የዲስትሪቢዩተር (ለየካንዴላው እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን የተሰነጠቀ መኪና ልክ ቤንዚን እንዳጠራት ትንተፋተፋለች። ካንዴላዎቹን ፍቱና ጫፋቸውን እዩ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጣ ካለ ቤንዚን አንሷታል ወይም ከሆነ ቦታ ያልተፈለገ አየር ይገባል። በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሞተሩ ነው፤ ካርቡሬተሩን ተዉት።

"ያልተፈለገ አየር" ያልኩት ትልቁ አታላይ ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል፣ ወይም ከዚያ በሚወጡ ትንንሽ ቱቦዎች በኩል አየር ከሰረቀች ሚኒሞዋ መቼም አይስተካከልም። አንዴ ሚኒሞ አልይዝ ያለች መኪና ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ አውርጄ፣ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ጥፋተኛዋ ከጀርባ የተደበቀች፣ የጣት ርዝመት ያላት የተሰነጠቀች ቱቦ ነበረች። አሁን ረዘም ያለ ጎማ እወስዳለሁ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጌ በሌላው ጫፍ ዙሪያውን እየዞርኩ አዳምጣለሁ። "ሲስስ" የሚለው ቦታ ራሱን ያጋልጣል። የሚዞር ቀበቶና ቬንትሌተር አጠገብ ግን ጎማውንም እጃችሁንም አታስገቡ።

እሳቱን አስቀድሙ

ይህን ክፍል ዘላችሁ ማለፍ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። አትዝለሉት። ቤንዚን ውሃ ከሚረጋበት ቅዝቃዜ በታች፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ያለ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሲጋራ የለም። የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጃችሁ የሚደርስበት ይቀመጥ፤ በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ማስፋት ነው። መነጽርና ጓንቲ አድርጉ። ቤንዚን በአፍ ስቦ ማውጣት የሚባለውን ነገር ደግሞ ለሌላ ዘመን ሰው ተዉት።

አልነሳ ስትል ጉሮሮዋ ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ቁልፍ ማዞርም አለ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከተኮሰ ነበልባሉ የሚወጣው እጃችሁ ባለበት በኩል ነው።

ማውረድ

ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ቱቦዎቹ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እያንዳንዷ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ የነዳጅ ገመዱን፣ የቾኩን፣ የቤንዚን ቱቦውን፣ ሽቦውን ንቀሉ። ቱቦው ሲነቀል የሚፈሰውን በጨርቅና በትንሽ ዕቃ ተቀበሉ። የመሠረቱን ዳዶዎች ፈታችሁ ካርቡሬተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፤ ቋቱ አሁንም ቤንዚን አለበት። የቀረውን ክፍት አፍ በንጹህ ጨርቅ ወዲያው ዝጉ። እዚያ የገባች ዳዶ ወደ ሲሊንደር ነው የምትሄደው።

ጠረጴዛው ላይ

ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ለምን ጠርዝ? ታሪኩ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሥራዬ ክዳኑን ከፍቼ፣ በራሴ ተደስቼ፣ የቀረውን ቤንዚን ልደፋ ገለበጥኩት። ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ዝም። ከመርጫው ፓምፕ ሥር የምትቀመጥ፣ ከምስር የማትበልጥ የብረት ኳስ ነበረች። ቤንዚኑ ተመልሶ እንዳይወርድ የምትይዘው እሷ ናት። ያለ እሷ ፓምፑ አይረጭም። ቀሪውን ከሰዓት በጉልበቴ ስድህ ዋልኩ፣ ማግኔት ይዤ። የተገኘችው ሱሪዬ ጫፍ እጥፋት ውስጥ ነው። ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት የእናንተ ካርቡሬተር ስንት ኳስ እንዳለው ከጥገና መመሪያው ሥዕል አረጋግጡ።

የድብልቁን ብሎን፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ የአየርና የቤንዚኑን ልክ የምታስተካክለዋን፣ ከመፍታታችሁ በፊት ቁጥሯን ውሰዱ። ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አዙሯት፣ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፣ ስትነካ አቁሙ። "ሁለት ዙር ከሩብ" ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማጥበቅ የለም፤ ጫፏ ሾጣጣ ስለሆነ ስትጠብቅ መቀመጫዋን ትጎዳለች።

ክዳኑ ሲነሳ ቋቱ ግርጌ ላይ ምን እንዳለ እዩ፤ ብዙ ይነግራችኋል። ቡናማ፣ እንደ ቫርኒሽ የሚያጣብቅ ሽፋን ካለ መኪናዋ ለወራት ቆማ ነበር፤ ቤንዚኑ ተንኖ ዝቃጩ ቀርቷል። ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ገብቶ ብረቱን በልቶታል። ቀይ ብናኝ ከሆነ የቤንዚን ታንከሩ ዝጓል። ቀዩን ካያችሁ ካርቡሬተሩን ብቻ አጥቦ መመለስ ዋጋ የለውም፤ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ።

ጄቶቹን ስትፈቱ ካቻቢቴው ስፋቱ ልክ መሆን አለበት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ካቻቢቴ ጭንቅላቷን ፍቆ ይተዋታል። የተጻፈባቸውን ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ በዌበርና በሶሌክስ ካርቡሬተሮች 130 ማለት ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ጉሮሮ ያለው ካርቡሬተር ላይ የሁለቱ ጄት ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ቢቀያየሩ ደግሞ በትክክል ይገባሉ። ችግሩ እዚህ ነው።

አሁን ጄቷን አንሱና ወደ ብርሃን አሳዩዋት። በአንድ ዓይን ውስጧን እዩ። ንጹህ ከሆነች ክብ፣ ጥርት ያለ ነጥብ ታያላችሁ። ከተደፈነች ጨለማ ነው፣ ወይም ክቡ ጨረቃ መስሎ ተጎምዷል። እጃችሁ ወዲያው ወደ ሽቦ ይሄዳል። ተዉ! ሽቦ የቀዳዳውን ከንፈር ይጭራል። የ1.30ዋ ጄት 1.35 ብትሆን ስፋቷ በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው፤ መኪናዋም ያን ያህል ትጠጣለች። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ንፉባት፣ ትንሽ ትቆይ፣ በአየር ንፉት። እምቢ ካለች ከብሩሽ የተነቀለች የናይሎን ፀጉር ተጠቀሙ።

ስፕሬዩን ከመንፋታችሁ በፊት ጎማ የሆነውን ሁሉ አውጡ፤ ማጽጃው ያሳብጠዋል። በአንዱ ቀዳዳ የነፋችሁት በሌላው ይወጣል፣ አንዳንዴ ቀጥታ ወደ ዓይን። መነጽሩ ለዚህ ነው። በየትኛው እንደሚወጣም ልብ በሉ። የትም ካልወጣ መንገዱ መሃል ላይ ተዘግቷል።

ምን ይጠገናል፣ ምን አይጠገንም

ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቀሳቀሰ ተበስቷል፤ ስለሚከብድ በጊዜ አይነሳም፣ ቋቱም ይሞላል። የናሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋ የምታወጣዋ ቦታ ቀዳዳዋ ናት። በቆርቆሮ መበየድ ይቻላል ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ውስጡ ቤንዚን ያለ ነገር ማጋል ፍንዳታ ነው። የብየዳው ክብደትም ልኩን ያዛባዋል። እኔ አዲስ እገዛለሁ። የፕላስቲኩ ደግሞ ሳይበሳም በዕድሜ ቤንዚን ይመጥና ይከብዳል።

የመርፌዋን ጫፍ በጥፍር ዳስሱ። ዙሪያውን የተቆፈረ ቀለበት ካገኛችሁ አልቃለች። ከመቀመጫዋ ጋር አንድ ላይ ትቀየር። የመርጫው ፓምፕ ጎማ ወደ ብርሃን ተዘርግቶ ስንጥቅ ካሳየ፣ ወይም እንደ ካርቶን ከደረቀ እሱም ይቀየር። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በተለይ የድሮ ጎማ ጠላት ነው። እነዚህ ሁሉ ከጋስኬቶቹ (በመገጣጠሚያዎች መሃል ከሚገቡት ስስ ማሸጊያዎች) ጋር በአንድ የጥገና ኪት ይመጣሉ። ኪቱን ስትገዙ ግን በመኪናዋ ስም አትግዙ። ካርቡሬተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። አንድ ሞዴል መኪና በተለያየ ዓመት ሁለት ሦስት ዓይነት ካርቡሬተር ሊኖረው ይችላል።

የክዳኑንና የመሠረቱን ፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ለኩ። በሥሩ ብርሃን ካለፈ ጠሟል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ዳዶውን እስኪጮህ አጥብቆታል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ወፍራም መስታወት ላይ ቁጥሩ 400 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ እንደ ስምንት ቁጥር እያዞራችሁ ቀስ በቀስ ማስተካከል ይቻላል። ፊቱ ላይ የተተከለ ነገር ካለ መጀመሪያ ይውጣ። ከዚያ ዱቄቱን ከየቀዳዳው አጥባችሁ አውጡ። ሲሊኮን ቀብቶ መዝጋት የሚወድ አለ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይቆራረጣል፣ ቁራጩም አሁን ያጸዳችኋትን ጄት ይደፍናል።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አይሆንም። የጉሮሮውን በር የሚያዞረውን ዘንግ ጫፍ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። በግልጽ ከተወላገደ ማረፊያው ተበልቷል፣ አየርም በዚያ ይሰርቃል። ይህን የፈለገ ብታጥቡት አይድንም። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ቀዳዳውን አስፍቶ ቡሽ የሚባል የብረት ቀለበት ያስገባለታል። የተሰነጠቀ አካልም ያው ነው። "ይቀየር" ያለው ሰው ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መመለስና ማስተካከል

ሲመለስ አዲስ ጋስኬት ይግባ፣ ብሎኖቹ በየተራ፣ በመስቀል አቅጣጫ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። ተንሳፋፊው የሚቆምበትን ከፍታ በመመሪያው ልክ መለካት አትርሱ። ሚሊሜትር ሁለት ሚሊሜትር ስህተት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ቋቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ የሌሎቹን ሁሉ ሥራ ይወስናል። የድብልቁን ብሎን ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር መልሱ። ወረቀቱ ከጠፋ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር ጥሩ መነሻ ነው።

ሞተሩን ስታስነሱ መጀመሪያ የምታዩት ሚኒሞውን አይሁን። መገጣጠሚያዎቹን እዩ፣ የረጠበ ካለ አጥፉ። ደህና ከሆነ ፊልትሮውን መልሱና በደንብ እስክትሞቅ ጠብቁ። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ይህም ደጅ ላይ ይሁን፤ የተዘጋ ቦታ ውስጥ ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል።

አሁን ጆሮ ነው የሚሠራው። የድብልቁን ብሎን በሩብ ዙር ወደ ውስጥ አዙሩ፣ ጠብቁ፣ አዳምጡ። በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ወደ ውስጥ ማለት ቤንዚን መቀነስ ነው፤ አየሩን የሚቆጣጠር ከሆነ ግን ተቃራኒ ነውና መመሪያውን እዩ። አንድ ቦታ ላይ መንተፋተፍ ትጀምራለች። ወደ ውጭ መልሱ። ፍጥነቷ እየጨመረ፣ ድምጿ እየለሰለሰ ይመጣል። ከዚያ መጨመሩን ታቆማለች። ያ ቦታ ነው። ሚኒሞው ከፍ ካለባችሁ በፍጥነቱ ብሎን አውርዱት፤ ለብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ ከ750 እስከ 900 ዙር ነው። ከዚያ ድብልቁን ደግማችሁ እዩ፤ አንዱ ሌላውን ስለሚያንቀሳቅስ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ አለ።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ጥቁር የምታጨስ ከሆነ ከፍታውን አስቡ። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለባሕር ዳርቻ የተመረጠ ጄት እዚያ ላይ ቤንዚን ያበዛል። መድኃኒቱ በቁጥር አነስ ያለ ዋና ጄት ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀዝቅዛ እያለች፣ ሳትነኳት እንደ ወትሮው አስነሷት። ከዚያ ጥቂት ቀን ንዷትና ካንዴላዎቹን እንደገና ፍቱ። ቀለል ያለ ቡናማ ካያችሁ የብሎኑን ዙርና የጄቶቹን ቁጥር የጻፋችሁባትን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ኮፈኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።